ከንግድ ማስታወቂያ ወደ ቴአትር መድረክ

ትምህርት አሥራ ሁለት
ምንባብ፦ የአንድ ተውኔት ጸሐፊ የሥራ ጉዞ
ሰዋስው፦ ቦዝ አንቀጽና ማሰሪያ አንቀጽ
ድርሰት፦ የሕይወት ታሪክ አጻጻፍ

ተማሪዎች፣ በዚህ ትምህርት ውስጥ በንግድ ማስታወቂያ ጽሑፍ ሥራ ጀምሮ በቴሌቪዥንና በቴአትር ስሙን ስላስጠራ አንድ ደራሲ ታነባላችሁ። ከዚያም የሰውን ሕይወት ስንተርክ ግሦቻችንን እንዴት እንደምናያይዝ ትማራላችሁ። በመጨረሻም ራሳችሁ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ትጽፋላችሁ።

ሀ. ከማንበባችሁ በፊት

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በቡድን ሆናችሁ ተወያዩባቸው።
1. አንድ ሰው የዕለት እንጀራውን የሚያገኝበትን ሥራ ትቶ ወደ ድርሰት ሊገባ ሲያስብ ምን ምን ነገሮችን ማመዛዘን ይኖርበታል?
2. በሬድዮ ወይም በቴሌቪዥን የሰማችሁትን አንድ ማስታወቂያ አስታውሱ። ሐሳቡን በስንት ዓረፍተ ነገር ጨረሰ?
3. ሁሉም ሰው በተስማማበት ጉዳይ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ሲቃወም አይታችሁ ታውቃላችሁን? የቀሩት ምን አሉት?

ለ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ ልብ ብላችሁ አንብቡ።

ብዙ ሰዎች ደራሲ የሚሆነው ከልጅነቱ ጀምሮ በመጻሕፍት መካከል ያደገና ሥነ ጽሑፍ የተማረ ሰው ብቻ ይመስላቸዋል። ነገር ግን የደራስያን ታሪክ ሲመረመር ከሐኪም ቤት፣ ከጦር ሠፈር፣ ከእርሻ፣ ከሱቅና ከንግድ ቢሮ የወጡ ደራስያን ብዙዎች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ አሜሪካዊው ተውኔት ጸሐፊ ሬጂናልድ ሮዝ ነው።

ሮዝ እ.ኤ.አ. በ1920 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለደ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በዚያው ከተማ ፈጽሞ ኮሌጅ ቢገባም ትምህርቱን ሳይጨርስ አቋረጠ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ከ1942 እስከ 1946፣ በአገሩ ጦር ውስጥ አገልግሎ እስከ መቶ አለቅነት ማዕርግ ደረሰ። ከጦሩ ከተሰናበተ በኋላም በማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ የማስታወቂያ ጽሑፍ አዘጋጅ ሆኖ ሠራ።

የማስታወቂያ ጽሑፍ አዘጋጅ ሥራ ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። ነጋዴው ዕቃውን ለመሸጥ በጋዜጣ ላይ ቦታ፣ በሬድዮ ላይ ደቂቃ ይገዛል። እያንዳንዱ መሥመርና እያንዳንዱ ሴኮንድ ዋጋ ስላለው ጸሐፊው የማይሠራ ቃል ማስገባት አይችልም። አንባቢው ወይም አድማጩ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈልግና ምን እንደሚያሰለቸው አስቀድሞ ማሰብ አለበት። ይህ ልምድ ሮዝን በኋላ ዘመኑ የጠቀመው ይመስላል። በተውኔቶቹ ውስጥ ሰዎች ረጅም ዲስኩር አያደርጉም፤ በአጭሩ ይናገራሉ፣ ይመላለሳሉ፣ ይጋጫሉ።

በዚያን ጊዜ ቴሌቪዥን በአሜሪካ በፍጥነት በመስፋፋት ላይ የነበረ አዲስ መሣሪያ ነበር። ጣቢያዎቹ በየሳምንቱ አዲስ ተውኔት ያቀርቡ ነበር። ይኸውም ተቀርጾ የቆየ አልነበረም፤ ተዋንያኑ በስቱዲዮ ውስጥ ሲጫወቱ ተመልካቹ በዚያችው ደቂቃ በቤቱ ሆኖ ያያቸው ነበር። ተዋናይ ቃሉ ቢጠፋው፣ በር አልከፈት ቢለው፣ እንደገና እንጀምር የሚባል ነገር አልነበረም። በየሳምንቱ አዲስ ተውኔት ይፈለግ ስለነበረም ስም ላልነበራቸው ጸሐፊዎች በር ተከፈተ። ሮዝ በ1950ዎቹ መግቢያ ላይ የመጀመሪያውን የቴሌቪዥን ተውኔቱን ሸጦ በዚህ በር ገባ።

ሆኖም ንግድን ትቶ ወደ ኪነ ጥበብ የገባው ሰው ንግድ በዚያም ተቀምጦ ጠበቀው። የቴሌቪዥኑን ተውኔት ወጪ የሚሸፍኑት ዕቃቸውን በዚያው ሰዓት የሚያስተዋውቁ ኩባንያዎች ነበሩ። ኩባንያዎቹም ገዢዎቻችንን ያስቀይምብናል ብለው የሚያስቡትን ታሪክ አይወዱም ነበር። በ1954 ሮዝ አንድ ጥቁር ቤተሰብ ወደ ነጮች ሠፈር ሲገባ ጎረቤቶቹ ተሰብስበው ሊያባርሩት የሚነሡበትን ታሪክ አቀረበ። ይህ በደቡባዊው የአሜሪካ ክፍል ያሉትን ተመልካቾች ያስቆጣል ተብሎ ባለቤቱ ከእስር ቤት የተፈታ ሰው እንዲሆን ተደረገ። ተውኔቱ የቀረበው በዚህ መልክ ነው። ሮዝ የባለቤቱን ማንነት ቢለውጥም የጎረቤቶቹን ፍርሃትና ጭካኔ ግን አልለወጠም። እንግዲህ ደራሲው ሁለት ምርጫ ነበረው፦ ሥራውን ጨርሶ መተው፣ ወይም የሚቻለውን ያህል እውነት በተፈቀደለት በር ማሳለፍ። እርሱ ሁለተኛውን መረጠ። ትክክል አደረገ ወይስ አላደረገም የሚለውን እናንተ ትፈርዱታላችሁ።

በዚያው ዓመት ሮዝ በኒው ዮርክ ፍርድ ቤት በአንድ የግድያ ጉዳይ የጁሪ አባል እንዲሆን ተጠራ። ጁሪ በአገራችን የፍርድ ቤት ሥርዓት የሌለ ነገር ስለሆነ ማብራሪያ ያስፈልገዋል። በአሜሪካ በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን የሚወስኑት ከሕዝብ መካከል የተመረጡ ሰዎች ናቸው። ቁጥራቸው ብዙውን ጊዜ አሥራ ሁለት ነው። እነዚህ ሰዎች የሕግ ባለሙያዎች አይደሉም፤ አንዱ ነጋዴ፣ ሌላው ሠራተኛ፣ ሌላው የባንክ ጸሐፊ ሊሆን ይችላል። ምስክርነቱን ሰምተው ሲያበቁ በአንድ ክፍል ውስጥ ተዘግቶባቸው ይከራከራሉ። ሮዝ በዚያ ክፍል ውስጥ ያየው ክርክር ለአንድ ተውኔት ሐሳብ ሰጠው። ውጭ ያለ ሰው የማይሰማው፣ ነገር ግን የሰው ሕይወት የሚወሰንበት ንግግር በመሆኑ ለተውኔት የተመቸ ነበር።

ከዚህ የተነሣ የተጻፈው ተውኔት «አሥራ ሁለት ቁጡ ሰዎች» ይባላል። ታሪኩ ይህ ነው። አንድ ወጣት አባቱን በሴንጢ ወግቶ ገድሏል ተብሎ ተከሷል። ጥፋተኛ ከተባለ ቅጣቱ ሞት ነው። አሥራ ሁለቱ ሰዎች ወደ ክፍሉ እንደገቡ ድምፅ ሲሰጡ አሥራ አንዱ ጥፋተኛ ነው አሉ። አንዱ ብቻ፣ ስምንተኛው፣ አልተስማማም። ይህ ሰው ወጣቱ ንጹሕ ነው ብሎ አይከራከርም፤ እርግጠኛ ስላልሆንኩ እንነጋገርበት ነው የሚለው። ውሳኔው የሁሉም ስምምነት ያለበት መሆን ስላለበትም ሌሎቹ ወደዱም ጠሉም ሊያደምጡት ይገደዳሉ። ክርክሩ በቀጠለ ቁጥር እርግጠኛ ይመስል የነበረው ምስክርነት አንድ በአንድ ይፈተሻል። ተወዳዳሪ የለውም የተባለው ሴንጢ ሌላ ተመሳሳይ ይገኝለታል። በእግሩ የሚያነክስ አንድ ሽማግሌ ከመኝታ ቤቱ ተነሥቶ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ በር ላይ መድረስ መቻሉ ይለካል። እግረ መንገዱንም የዳኞቹ ማንነት ይገለጣል፤ አንዱ ለመሄድ ይቸኩላል፣ አንዱ ድኾችን ይንቃል፣ ሌላው በገዛ ልጁ ላይ ያለውን ቁጣ በተከሳሹ ላይ ይወጣል።

ተውኔቱ እ.ኤ.አ. መስከረም 20 ቀን 1954 በሲ.ቢ.ኤስ. ቴሌቪዥን ጣቢያ «ስቱዲዮ ዋን» በተባለው ፕሮግራም ቀረበ። ማስታወቂያውን ጨምሮ የተሰጠው ጊዜ አንድ ሰዓት ብቻ ነበር። ሮዝ ይህን ጥበት ችግር አላደረገውም። ታሪኩን በአንድ ክፍል፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ወሰነው፤ ለገጸ ባሕርያቱም ስም በመስጠት ፈንታ በቁጥር ጠራቸው። ለዚህ ድርሰት ከፍተኛ የቴሌቪዥን ሽልማት የሆነውን የኤሚ ሽልማት አገኘ።

በ1957 ተውኔቱ ፊልም ሆነ። ሮዝ ጽሑፉን አስፋፍቶ ከተዋናዩ ከሄንሪ ፎንዳ ጋር ፊልሙን በአሠሪነት አቀረበ። አዘጋጁ ሲድኒ ሉሜት ሲሆን ይህ የመጀመሪያ ፊልሙ ነበር። ፊልሙ በጊዜው ብዙ ገንዘብ አላስገኘም። ይሁንና በዚያው ዓመት በበርሊን የፊልም በዓል ታላቁን ሽልማት፣ ወርቃማውን ድብ፣ አገኘ፤ ዛሬም ድረስ በብዙ አገሮች ይታያል።

ተውኔቱ ወደ ቴአትር መድረክም ወጣ። በ1955 በሌላ ጸሐፊ ለመድረክ ተዘጋጀ፤ በ1964 ደግሞ ሮዝ ራሱ ያሰናዳው ቅጂ በለንደን ታየ። ይህ ለውጥ ቀላል አይደለም። በቴሌቪዥንና በፊልም ተመልካቹ ማንን ማየት እንዳለበት የሚመርጥለት ካሜራው ነው። በመድረክ ላይ ግን አሥራ ሁለቱም ሰዎች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተመልካቹ ዓይን ፊት ናቸው። ዝም ያለው ሰው እንኳ ለምን ዝም እንዳለ መታወቅ አለበት። ስለሆነም ለመድረክ የሚጽፍ ደራሲ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የራሱን ምክንያት መስጠት ይገባዋል።

ሮዝ ከዚህ በኋላ ከ1961 እስከ 1965 በተከታታይ የቀረበውን፣ ጠበቆች ስለሆኑ አባትና ልጅ የሚናገረውን «ተከላካዮቹ» የተባለ የቴሌቪዥን ድራማ ፈጠረ። በ2002 በሰማንያ አንድ ዓመቱ ዐረፈ። በቀጥታ የተላለፈው የ1954ቱ ተውኔት ሙሉ ቅጂ ለብዙ ዓመታት እንደጠፋ ይታሰብ ነበር፤ ከሞቱ በኋላ፣ በ2003፣ ተገኘ። በ2004ም ተውኔቱ በኒው ዮርክ በብሮድዌይ መድረክ ላይ ታየ።

ሐ. ቃላት

የሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ የያዙትን ፍቺ ከአገባባቸው ተነሥታችሁ ተናገሩ። ከዚያም በእያንዳንዱ ቃል አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።
ማመዛዘን፣ ዲስኩር፣ መሰናበት፣ ምስክርነት፣ እግረ መንገዱን፣ ጥበት፣ ገጸ ባሕርይ፣ ማሰናዳት

መ. የመረዳት ጥያቄዎች

1. የማስታወቂያ ጽሑፍ ሥራ ሮዝን ምን እንዳስተማረው በምንባቡ ተገልጿል?
2. በዚያን ዘመን የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ስም ለሌላቸው ጸሐፊዎች በር የከፈቱት ለምንድን ነው?
3. «ንግድ በዚያም ተቀምጦ ጠበቀው» ሲል ምንባቡ ምን ማለቱ ነው?
4. ስምንተኛው ሰው ወጣቱ ንጹሕ ነው አላለም። እንግዲያውስ የተከራከረው ስለ ምንድን ነው? በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት አስረዱ።
5. ሮዝ የተውኔቱ ባለቤት ማንነት እንዲለወጥ በመፍቀዱ ትስማማላችሁን? ክፍሉ በሁለት ተከፍሎ ይከራከር። እያንዳንዱ ወገን ከመናገሩ በፊት የሌላውን ወገን ሐሳብ በትክክል ደግሞ ይናገር።

ሠ. ሰዋስው፦ ቦዝ አንቀጽና ማሰሪያ አንቀጽ

የሚከተለውን ዓረፍተ ነገር ተመልከቱ።
ሮዝ ጽሑፉን አስፋፍቶ ፊልሙን አቀረበ።

በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ግሦች አሉ። «አቀረበ» የሚለው ሐሳቡን ይቋጫል፤ ስለዚህ ማሰሪያ አንቀጽ ይባላል። «አስፋፍቶ» የሚለው ግን ብቻውን ሐሳብ አይቋጭም፤ ማሰሪያ ይጠብቃል። ይህን ቦዝ አንቀጽ እንለዋለን።

ስለ ቦዝ አንቀጽ ሦስት ነገሮችን አስታውሱ።

አንደኛ፣ በእንዲህ ያለ አገባብ ቦዝ አንቀጽ ጊዜውን የሚያገኘው ከማሰሪያው ነው። «ጽፎ ሰጠ» ስንል ሁለቱም ድርጊቶች አልፈዋል፤ «ጽፎ ይሰጣል» ስንል ግን ሁለቱም ገና ናቸው። «ጽፎ» የሚለው ቃል አልተለወጠም፤ ጊዜውን የለወጠው ማሰሪያው ነው።

ሁለተኛ፣ ቦዝ አንቀጽ ባለቤቱን ያመለክታል፦ ጽፌ፣ ጽፈን፣ ጽፈህ፣ ጽፈሽ፣ ጽፋችሁ፣ ጽፎ፣ ጽፋ፣ ጽፈው። በመሆኑም የቦዙና የማሰሪያው ባለቤት አንድ ሲሆን አነጋገሩ ግልጽ ይሆናል። ባለቤቱ ሲለወጥ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «አዘጋጁ ደራሲውን ጠርቶ ተውኔቱን አንብቦ ተደሰተ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እንመልከት። ያነበበው አዘጋጁ ከሆነ ዓረፍተ ነገሩ ትክክል ነው። ያነበበው ደራሲው ከሆነ ግን «አዘጋጁ ደራሲውን ጠራው፤ ደራሲውም ተውኔቱን ካነበበለት በኋላ አዘጋጁ ተደሰተ» ማለት ይገባል።

ሦስተኛ፣ ቦዝ አንቀጽን መደርደር ልክ አለው። «ተወልዶ፣ አድጎ፣ ተምሮ፣ ዘምቶ፣ ተመልሶ፣ ተቀጥሮ፣ ጽፎ፣ ተሸልሞ ሞተ» የሚል ጸሐፊ የአንድን ሰው ዕድሜ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰ ማለት ነው። አንባቢውም የትኛው ድርጊት ዋና እንደሆነ አይለይም። ዋናውን ድርጊት በማሰሪያ አንቀጽ፣ ደጋፊውን በቦዝ አንቀጽ ግለጹ።

መልመጃ 1
የሚከተሉትን ጥንድ ዓረፍተ ነገሮች ተገቢ ሲሆን በቦዝ አንቀጽ፣ ባለቤቱ ሲለወጥ ደግሞ በሌላ ማያያዣ አንድ አድርጉ።
1. ወጣቷ ከንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተመረቀች። በባንክ ተቀጠረች።
2. ተዋናዩ ቃሉ ጠፋው። ጓደኛው በሹክሹክታ አስታወሰው።
3. ዳኞቹ ምስክርነቱን ይሰማሉ። በተዘጋ ክፍል ይከራከራሉ።
4. ኩባንያው ወጪውን ከለከለ። ጸሐፊው ታሪኩን ለወጠ።
5. ተውኔቱን ለመድረክ አሰናዳን። ለወላጆች አሳየን።

ረ. ድርሰት፦ የሕይወት ታሪክ አጻጻፍ

የሕይወት ታሪክ የዓመታት ዝርዝር አይደለም። ዓመታቱ አጥንት ናቸው፤ ሥጋው ሰውየው ለምን ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው እንደሄደና በዚያ ምን እንዳገጠመው የሚገልጸው ነው። የሚከተሉትን ሁለት አንቀጾች አወዳድሩ።

የመጀመሪያው፦ «ሮዝ በ1920 ተወለደ። በ1942 ወታደር ሆነ። ከዚያ የማስታወቂያ ጽሑፍ ጻፈ። ከዚያ ለቴሌቪዥን ጻፈ። በጣም ታላቅና ድንቅ ደራሲ ነበር።»

ሁለተኛው፦ «ሮዝ ከጦሩ ከተሰናበተ በኋላ በማስታወቂያ ጽሑፍ ይተዳደር ነበር። በዚያን ጊዜ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች በየሳምንቱ አዲስ ተውኔት ይሹ ስለነበር እርሱም አንድ ድርሰት ሸጦ ገባ። የታወቀበትን ሥራ የጻፈው ግን በ1954 በጁሪነት ከተቀመጠ በኋላ ነው።»

የመጀመሪያው አንቀጽ «ከዚያ» በሚለው ቃል ብቻ ተያይዟል፤ በመጨረሻም ማስረጃ ሳይሰጥ ያወድሳል። ሁለተኛው ድርጊትን ከምክንያቱ ጋር ያገናኛል። ውዳሴ የለበትም፤ አንባቢው ግን ሰውየውን ያውቀዋል።

ስትጽፉ የሚከተሉትን ደረጃዎች ተከተሉ።
1. መረጃ ሰብስቡ። ሰውየው በሕይወት ካለ ራሱን ጠይቁ፤ ከሌለ የሚያውቁትን ጠይቁ።
2. መታጠፊያውን ፈልጉ። በእያንዳንዱ ሰው ሕይወት ውስጥ መንገድ የተለወጠበት ጊዜ አለ። ሰፊውን ቦታ ለእርሱ ስጡ፤ የቀረውን በአጭሩ እለፉት።
3. እርግጡን ከግምቱ ለዩ። በምንባቡ ውስጥ «በ1954 የጁሪ አባል እንዲሆን ተጠራ» የሚለው እርግጥ ነው። የማስታወቂያ ሥራው «የጠቀመው ይመስላል» የሚለው ግን የጸሐፊው ግምት ነው፤ «ይመስላል» የሚለው ቃል የገባውም ስለዚህ ነው። ግምታችሁን እንደ እርግጥ አድርጋችሁ አትጻፉ።
4. አጠራራችሁን አጽኑ። በሕይወት ያሉትን ታላላቆቻችሁን በአንቱታ ጻፉ፦ ተወለዱ፣ ተማሩ፣ ሠሩ። ስለ ቀደሙ ደራስያን ሲጻፍ በነጠላ ማውሳት የተለመደ ነው፦ ተወለደ፣ ተማረ፣ ጻፈ። ከሁለቱ አንዱን ከመረጣችሁ ግን እስከ መጨረሻው በእርሱ ዝለቁ።

መልመጃ 2
ከዚህ በታች ስለ አገራችን ደራሲ ስለ ፀጋዬ ገብረ መድኅን የተያዙ ማስታወሻዎች አሉ። ከእነርሱ ተነሥታችሁ ሁለት አንቀጽ ያለው የሕይወት ታሪክ ጻፉ። መታጠፊያው የት እንደሆነ ራሳችሁ ወስኑ፤ ያልተነገራችሁን አትጨምሩ።
በ1928 ዓ.ም. በአምቦ አካባቢ መወለድ
በአዲስ አበባ በንግድ ሥራ ትምህርት ቤት መማር
በአሜሪካ፣ በቺካጎ ከተማ ሕግ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1959 መመረቅ
ወደ አውሮፓ ሄዶ በለንደንና በፓሪስ የቴአትር አሠራር ማጥናት
ወደ አገሩ ተመልሶ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በሚባለው ቤት በኃላፊነት መሥራት
«ኦቴሎ»ን ወደ አማርኛ መመለስ
በ1998 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ማረፍ፤ በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል መቀበር

መልመጃ 3
በአካባቢያችሁ ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ሥራ የተዛወሩ አንድ ሰው ፈልጋችሁ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ፣ ታሪካቸውን ስሙ። ሸማኔ የነበሩ መምህር፣ ወታደር የነበሩ ነጋዴ፣ ነጋዴ የነበሩ ገበሬ ሊሆኑ ይችላሉ። ቢያንስ የሚከተሉትን ጠይቁ፦ የቀድሞውን ሥራ ለምን ተዉ? ሲተዉት ምን አጡ? ከቀድሞው ሥራ ያገኙት ምን ልምድ በአዲሱ ሥራ ጠቀማቸው? ከዚያም ከሁለት መቶ እስከ ሦስት መቶ ቃላት ያለው የሕይወት ታሪክ ጻፉ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ለባለታሪኩ አንብቡላቸው፤ ያሳሳታችሁት ነገር ካለ አርሙ። ለመምህራችሁ የምታስረክቡት የታረመውን ቅጂ ነው።